እንስሳ በአደራ መቀበልና የአጠራጣሪ ደንበኛ ጥያቄ

«አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚለው ያባቶች ምሳሌ የተነገረው ለገንዘብና ለወርቅ ብቻ አይደለም። የሰውን ውሻ ወይም ድመት በክፍያ ተቀብሎ የሚያሳድር ሰውም አደራ ተቀባይ ነው። ይህ አገልግሎት በአዲስ አበባ ገና አዲስ ቢሆንም፣ ኮልፌ ቀራንዮን በመሰለ ክፍለ ከተማ ፈላጊው ከየት እንደሚመጣ መገመት አያስቸግርም። ክፍለ ከተማው መርካቶ ካለበት ከአዲስ ከተማ ጋር ይዋሰናል፤ በቤቴል፣ በወይራ ሰፈርና በአየር ጤና ደግሞ ውሻ የሚጠብቀው ግቢ ጥቂት አይደለም። ዕቃ ለመግዛት ወደ ዱባይ ወይም ወደ ጓንጁ የሚሄድ አስመጪ፣ ቤተሰቡንም ይዞ የተነሣ እንደሆነ፣ ውሻውን ለማን እንደሚተው ማሰቡ አይቀርም።

ሥራው ቀላል ቢመስልም በሕግ በኩል የሚያስከትለው ኃላፊነት ቀላል አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ አደራ ውል የሚናገረውን ክፍል በቁጥር 2779 ይጀምራል። ይኸው ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት ከእጁ ያመለጠ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱ ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ቀጥሎ ያለው ቁጥር ደግሞ እንስሳውን ለመጠበቅ የተቀበለ ሰው፣ በእጁ ሳለ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ እንዲሆን ያደርጋል። እንግዲህ ጠባቂው የሚቀበለው ውሻውን ብቻ ሳይሆን ውሻው ሊያመጣ የሚችለውን ዕዳ ጭምር ነው። ስለሆነም የሚያጠራጥር ጥያቄ ሲቀርብለት አስቀድሞ ማወቅ ይገባዋል።

ከዋጋው በላይ የሚከፍል ደንበኛ

በውጭ አገር በእንስሳት ጠባቂዎች ላይ ከሚደርሰው ማታለል አንዱ የሚከተለው ነው። በዐይን ያልታየ ደንበኛ «በቅርቡ ወደ ከተማችሁ እዛወራለሁና ውሻዬን ለአንድ ወር ጠብቁልኝ» ብሎ ይጽፋል። በዋጋው አይከራከርም። ከዚያም ከተስማሙበት ሂሳብ እጅግ የበለጠ ቼክ ይልክና «ትርፉን ውሻውን ለሚያመጣው አጓጓዥ ስጡልኝ» ይላል። በአሜሪካ ባንኮች ገቢ የተደረገውን ቼክ ቶሎ ወጪ እንዲሆን ቢፈቅዱም፣ ቼኩ ሐሰተኛ መሆኑ የሚታወቀው አንዳንድ ጊዜ ከሳምንታት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ባንኩ ሂሳቡን መልሶ ይቀንሳል፤ ጠባቂውም ላጓጓዡ የሰጠው ከራሱ ኪስ የወጣ ሆኖ ይቀራል። ውሻውም ፈጽሞ አልነበረም።

በአገራችን ደረቅ ቼክ ማውጣት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ በቁጥር 693 ያስቀጣል። ዳሩ ግን በሐሰት ስም የመጣን ሰው ፈልጎ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ቅጣቱ የጠፋውን ገንዘብ አይመልስም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህና የባንክ ሂሳብ በስልክ ማንቀሳቀስ ከተለመደ በኋላ፣ ለቼኩ ምትክ የሚሆን ሌላ ማታለያ ተገኝቷል፤ ይኸውም ሐሰተኛ የክፍያ መልእክት ወይም የተቀነባበረ የደረሰኝ ሥዕል ማሳየት ነው። ይህን የሱቅ ነጋዴዎች አሳምረው ያውቁታል። መድኃኒቱም አንድ ነው፦ ደንበኛው የሚያሳየውን ትቶ የራስን ሂሳብ መመልከት። ትርፍ ገንዘብ በእውነት የገባ እንደሆነም ለሦስተኛ ሰው ሳይሰጡ፣ ከባንኩ ጋር ተነጋግሮ ወደ መጣበት ሂሳብ እንዲመለስ ማድረግ ነው።

«ነገሩ እስኪበርድ ደብቁልኝ»

ከሁሉ የከፋው ጥያቄ ግን ገንዘብ የሚነካው አይደለም። ውሻው ጎረቤት ወይም የመንገድ ልጅ ነክሶበት፣ «ነገሩ እስኪበርድ እናንተ ዘንድ ይቆይ» የሚል ባለቤት ሊመጣ ይችላል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ለማለት ያስደፍራል፤ ከንክሻው በኋላ በቶሎ የሚሰጥ ክትባት ግን ሕይወት ያድናል። የነከሰ ውሻ 10 ቀን በጥበቃ ቆይቶ ጤነኛ ከሆነ፣ በነከሰ ጊዜ በሽታውን እንዳላስተላለፈ ይታወቃል። ውሻው ከተደበቀ ግን ይህ ማስረጃ አብሮ ይደበቃል፤ የተነከሰውም ሰው የሚያድነውን መንገድ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ጠባቂው ውሻውን በስውር እንዳይቀበል፣ ባለቤቱም ለጤና ጽሕፈት ቤትና ለእንስሳት ሐኪም እንዲያስታውቅ መንገር ይገባዋል። የክትባት ወረቀት የሌለውን ውሻም ከሌሎቹ ጋር መቀላቀል አይገባም።

የማን መሆኑ ያልታወቀ እንስሳ

ሌላው ጥያቄ «እኔ አልመለስም፤ ወንድሜ መጥቶ ይወስደዋል» የሚል ነው። የተሰረቀ ውሻ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው እንዲህ ባለ መንገድ ነው። የሚረከበው ሰው ስም አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ እውነተኛው ባለቤት በመጣ ጊዜ ተጠያቂው ጠባቂው ይሆናል።

ግልገል አቦ ሸማኔ ወይም ጦጣ ይዞ የሚመጣ ሰውም አይታጣም ይሆናል። የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዐረብ አገር በድብቅ ሲሻገሩ መኖራቸው የታወቀ ነው። ኢትዮጵያ በ1981 ዓ.ም. የገባችበት የዱር እንስሳት ንግድ ስምምነት ይህን ይከለክላል። ጠባቂው «ለአንድ ሌሊት ብቻ» ቢባል እንኳ እንቢ ብሎ ለኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ማስታወቅ አለበት። ከሆለታ አጠገብ ያለው «እንሰሳ ኮቴ» የተባለው ማእከል ከሕገ ወጥ ይዞታ የተወሰዱ እንስሳትን ያስጠልላል።

እንዲሁም ውሻውን ለመጠየቅ መስሎ «ባለቤቱ መቼ ይመለሳል? ግቢው ውስጥ ማን ያድራል?» የሚል ስልክ የሚደውል ሰው፣ የሚፈልገው ውሻውን ሳይሆን ቤቱን ሊሆን ይችላልና መልስ አያሻውም።

መደረግ የሚገባው

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» እንደሚባለው፣ ጠባቂው አጭር የውል ወረቀት ያዘጋጅ። በወረቀቱም የባለቤቱ ስምና መታወቂያ፣ የእንስሳው መልክና የክትባቱ ቀን፣ ከዚህ በፊት ሰው ነክሶ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ የሚረከበው ሰው ስም፣ ዋጋውና የሚመለስበት ቀን ይጻፍ። ውሻውን ወደ ውጭ አገር የሚወስድ ደንበኛም በመዝገብ መያዙን አይጠላም፤ አሜሪካ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የሚገባ ውሻ ሁሉ ቢያንስ የ6 ወር ዕድሜና ከቆዳው ሥር የሚቀበር ማይክሮ ቺፕ እንዲኖረው ታዛለች።

ደንበኛ ያስቀይማል ተብሎ መጠየቅን መተው ትልቅ ስሕተት ነው። ውሻውን የሚወድ ሰው፣ ጠባቂው በጠየቀው ቁጥር እምነቱ ይጨምራል እንጂ አይቀነስም። በጥያቄ የሚቆጣና «ቶሎ በሉ» እያለ የሚያጣድፍ ግን፣ እንስሳም ይዞ ቢመጣ ሸቀጥ፣ ገና ወረቀቱ ሳይጻፍ መልሱን ሰጥቷል።