ናይሮቢ ላይ ተቀጣሪ ወይስ አማካሪ?

ናይሮቢ መጥታችሁ በሶፍትዌር ሙያ ለመሥራት ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ የአማካሪን ክፍያ ከተቀጣሪ ደመወዝ ጋር ከማወዳደራችሁ በፊት የሥራ ፈቃዱን ተመልከቱ።

የውጭ ዜጋ ተቀጣሪ የሚያስፈልገው "ዲ" የሚባለው ፈቃድ ነው፤ ከአንድ አሠሪ ጋር የተሳሰረ ነው። በራስ ስም ለማማከር ግን "ጂ" ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ 100,000 የአሜሪካ ዶላር ካፒታል ማሳየትን ይጠይቃል። ለአብዛኞቻችን ጉዳዩ እዚሁ ላይ ያልቃል።

ፈቃዱ ላላችሁ ሒሳቡ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የኬንያ የሥራ ሕግ ለተቀጣሪ በዓመት ቢያንስ 21 የሥራ ቀን ዕረፍት፣ ለወለደች እናት 3 ወር የወሊድ ዕረፍት፣ ሁለቱንም ከሙሉ ደመወዝ ጋር ይሰጣል። አማካሪ ያልሠራበት ቀን አይከፈለውም፤ ክፍያው ሲዘገይም ኪራዩ አይጠብቀውም።

ከገንዘቡ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ትምህርቱ ነው። አማካሪ ብዙ ቤት ያያል፣ ቶሎ ይለምዳል፤ ነገር ግን የሠራው ሥርዓት ሦስት ዓመት ቆይቶ ሲንገዳገድ እሱ እዚያ የለም። ሙያ የሚጠናው የራስን ኮድ ሌሊት ተነስቶ ሲጠግኑ ነው። ስለዚህ ለጀማሪ ምክሬ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ተቀጠሩ። ውሉን ስትፈርሙም የፈቃዱን ወጪ ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ አስፍሩ።