ወላጅም ወደ ጨዋታው ይግባ፦ የቤተሰብ የጨዋታና የኪነ ጥበብ ሕክምና ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ አንጻር

ግጭት ያፈናቀለው ቤተሰብ መጠለያ ሲደርስ ልጆቹን ብዙ ጊዜ አንድ የታጠረ ግቢ ይቀበላቸዋል። ኳስ፣ ገመድ፣ ቀለምና ወረቀት ያለበት፣ አስጫዋቾች የሚውሉበት «ለሕፃናት ምቹ ሥፍራ» ነው። ወላጆቹ ግን ከአጥሩ ውጭ ናቸው። ለራሽን ይሰለፋሉ፣ ማገዶ ይለቅማሉ፣ የጠፋ ዘመድ ያፈላልጋሉ። ልጁ ቀን ሲስቅ ይውልና ማታ የሚመለሰው ዝምታ ወደ ዋጠው አባትና ትዕግሥቷ ወዳለቀ እናት ነው።

የጨዋታና የኪነ ጥበብ ሕክምና በመቶ ዓመት ገደማ ጉዞው ያገኘው ትልቁ ትምህርት ይህን አጥር የሚመለከት ነው፦ ልጅን ብቻውን ከማከም ወላጁን ጨዋታ ማስተማር ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ይህ ዳሰሳ ሙያው ከየት ተነሥቶ የት እንደ ደረሰ፣ ለባልና ሚስትም ለቤተሰብም እንዴት እንደሚሠራ፣ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ አሶሳንና አካባቢዋን በምን እንደሚጠቅም ይቃኛል።

ከልጅ ወደ ቤተሰብ

ሙያው መልክ የያዘው በአውሮፓ ነው። በ1920ዎቹ (ዓ.ም. ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሜላኒ ክላይንና አና ፍሮይድ መጫወቻዎችን ወደ ሕክምናው ክፍል አስገቡ። ትንሽ ልጅ እንደ አዋቂ ተቀምጦ ጭንቀቱን ማስረዳት አይችልም፤ በአሻንጉሊቱ ግን ያሳያል። በዚያው ዘመን መጨረሻ ማርጋሬት ሎዌንፌልድ ለንደን ውስጥ ልጆች በአሸዋ ሣጥንና በጥቃቅን ምስሎች ውስጣቸውን እንዲገልጹ የሚያስችል ዘዴ ቀየሰች። በ1947 አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን ባሳተመችው መጽሐፍ ደግሞ ባለሙያው ልጁን ከመምራት ይልቅ እንዲከተለው አስተማረች። በነዚህ ሁሉ ዘዴዎች ወላጅ ከበር ውጭ ተቀምጦ የሚጠብቅ ሰው ነበር።

በሩን የከፈቱት በርናርድና ሉዊዝ ጌርኒ ናቸው። በ1964 ይፋ ባደረጉት ዘዴ ሕክምናውን የሚሰጠው ወላጁ ራሱ ሆነ። ባለሙያው ወላጆችን በቡድን ያሠለጥናል፤ ወላጁ በየሳምንቱ ለግማሽ ሰዓት ያህል ከልጁ ጋር ይጫወታል። ሕጎቹ ጥቂት ናቸው፦ ጨዋታውን ልጁ ይምራ፣ ወላጁ የልጁን ስሜት በቃል ይጥራለት፣ ወሰን ሲያስፈልግ በእርጋታ ያስምር። ቆይቶም ጋሪ ላንድሬት ሥልጠናውን ወደ 10 ክፍለ ጊዜ አሳጠረው። በ2005 የወጣ፣ 93 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ የጨዋታ ሕክምና በጥቅሉ ውጤታማ እንደሆነ አሳየ። በሠለጠኑ ወላጆች የተሰጠው ባለሙያዎች ከሰጡት የላቀ ውጤት ማስመዝገቡን ጨምሮ አመለከተ። ጥናቶቹ በአብዛኛው የአሜሪካ በመሆናቸው ቁጥሩን እንዳለ ወደኛ ማምጣት አይቻልም፤ የሚጠቁመው አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው።

በሌላ መስመር ጃኮብ ሞሬኖ በ1920ዎቹ ቪየና ውስጥ ሰዎች ችግራቸውን በመድረክ ላይ እንዲኖሩት የሚያደርገውን ሳይኮድራማ ጀመረ። ሃና ክዊያትኮውስካ በአሜሪካ ቤተሰብን በአንድነት ሥዕል እያሣለች ማከም ያዘች። በ1994 ኢሊያና ጊል ባወጣችው መጽሐፍ ጨዋታና የቤተሰብ ሕክምና አንድ ማዕድ ላይ ቀረቡ።

ባለሙያዎቹ ምን ይሠራሉ?

ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ሥዕል ነው። በ1970 በርንስና ካውፍማን ያስተዋወቁት ዘዴ ልጁን «ቤተሰባችሁ አንድ ነገር ሲሠራ ሣል» ይለዋል። ማን ከማን ራቀ? ማን ጀርባውን ሰጠ? ማን ጨርሶ ተረሳ? ባለሙያው ከሥዕሉ ፍርድ አያወጣም፤ ልጁንና ወላጆቹን የሚጠይቅበት በር ያገኝበታል እንጂ።

ሁለተኛው አሻንጉሊት ነው። ቤተሰቡ አሻንጉሊቶች መርጦ በጋራ ተረት ይፈጥራል፤ ማን መረጠ፣ ማን አቋረጠ፣ የተረቱ መጨረሻ እንዴት ሆነ የሚለው ሁሉ ይናገራል። ኢትዮጵያውያን ወላጆች አሻንጉሊት ስለ ከባድ ነገር መናገር እንደሚችል ብሩክታዊት ጥጋቡና ባልደረቦቿ ካዘጋጁት «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የቴሌቪዥን ዝግጅት አይተዋል፤ ፀሐይ የዝግጅቱ አሻንጉሊት ቀጭኔ ናት።

ለባልና ሚስት የሚሰጡት ልምምዶችም እንዲሁ ቀላል ናቸው። ሁለቱ አንድ እርሳስ አብረው ይዘው፣ ሳይነጋገሩ፣ አንድ ቤት እንዲስሉ ይጠየቃሉ። ማን እጁን ጎተተ? ማን ለቀቀ? ማን ጠበቀ? በሌላ ልምምድ ባል የሚስቱን፣ ሚስት የባሏን ቦታ ይዘው የትናንቱን ጠብ ይደግሙታል። ለዓመታት በክርክር ያልተላለፈ ስሜት አንዳንዴ በሩብ ሰዓት ይተላለፋል፤ ጠበኛው አፍ ዕረፍት ያገኛልና።

ክልሉና ሸክሙ

አሶሳ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ክልሉ የበርታ፣ የጉሙዝ፣ የሽናሻ፣ የማኦና የኮሞ ሕዝቦች፣ እንዲሁም የሌሎች በርካታ ኢትዮጵያውያን መኖሪያ ነው። በ2018 በክልሉ ካማሺ ዞን የተነሣው ግጭት ብዙ ሺህ ሰዎችን አፈናቀለ። ከዚያ የመተከል ዞን ግጭት ተከተለ። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ በአንድ ጠዋት ከ100 በላይ ሰዎች ተገደሉ፤ ከመተከል የተፈናቀሉ ቤተሰቦች በአጎራባቹ አማራ ክልል ቻግኒ አጠገብ በመጠለያ ከረሙ። ክልሉ ስደተኛም ያስተናግዳል። የሸርቆሌ መጠለያ በ1997፣ የባምባሲው በ2012 ተከፍተዋል። ሚያዝያ 2023 ሱዳን ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ደግሞ ብዙዎች በድንበር ከተማዋ ኩርሙክ በኩል ገብተዋል፤ በ2024ም የኡራ መጠለያ ተጨምሯል።

እንዲህ ባለ ቦታ የንግግር ሕክምና ሁለት ግድግዳ ይገጥመዋል። አንዱ ቋንቋ ነው። አማካሪው አማርኛ ይናገራል፣ እናቲቱ ጉሙዝኛ ወይም ዐረብኛ፤ ልጅ በአስተርጓሚነት ሲቀመጥ ሊሸከመው የማይገባውን ምስጢር ይሸከማል። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። ባል በሚስቱ ፊት ፈራሁ አይልም፤ ልጅም በአባቱ ፊት አይናገርም። ጭቃ፣ ቀለም፣ ከበሮና ተረት ሁለቱንም ግድግዳ ዝቅ ያደርጓቸዋል። ሕክምናው እዚህ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አገር ያለው ሀብት

መሣሪያውን ከውጭ ማስመጣት አያስፈልግም። ልጆች በየሰፈሩ የሚጫወቱት እቃ እቃ ባለሙያዎች የሚያጠኑት የማስመሰል ጨዋታ ነው፤ ተፈናቃይ ልጅ በእቃ እቃ ውስጥ ሽሽቱን ይደግማል፣ የተቃጠለውን ቤት ይሠራል። እንቆቅልሽ ታላቁንና ታናሹን በአንድ መደብ ያስቀምጣል። ገበጣ ጠብ ላይ ላሉ ጥንዶች ተራ መጠበቅን ያስተምራል። የበርታ ሕዝብ የቅል ጡሩምባ ዋዛ ደግሞ ለቡድን ሙዚቃ ሕክምና ሲታሰብ የተገኘ ይመስላል፦ እያንዳንዱ ነፊ የሚያወጣው የራሱን ድምፅ ነው፤ ዜማው የሚሟላው ሁሉም ተራውን ሲጠብቅ ብቻ ነው። ቤተሰብን በዚህ ዓይነት ጨዋታ ማለማመድ ስለ መደማመጥ ከሚሰጥ ረጅም ምክር የበለጠ ያስተምራል።

አገር ያለውን ሥርዓት ተጠቅሞ ከባልና ሚስት ጋር መሥራት እንደሚቻል በጉራጌ ዞን የተካሄደ ጥናት አሳይቷል። ጥናቱ በ4 ወረዳዎች 64 መንደሮችን ያካተተ ሲሆን፣ ከመንደሮቹ በአብዛኞቹ ሴቶች፣ ወንዶች ወይም ጥንዶች በየቡድናቸው በቡና ሥርዓት ላይ ተሰብስበው 14 ክፍለ ጊዜ ተሳተፉ። የተወያዩት ስለ ትዳር፣ ስለ ኃላፊነት መጋራትና ያለ ጠብ ስለ መነጋገር ነበር። በ2020 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ የወንዶች ቡድን በነበረባቸው መንደሮች ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ የሚፈጽሙት ወሲባዊ ጥቃት ቀንሷል። ዘዴው ኋላ ለሶማሌ ስደተኞች እንዲስማማ ተደርጎ በሶማሌ ክልል ወደሚገኘው ዶሎ አዶ ተወስዷል። ሕክምና ሳይሆን መከላከል ነው፤ ሆኖም ጀበና ዙሪያ የተቀመጠ ሰው ቢሮ ውስጥ የማይለውን ሊል እንደሚችል ይጠቁማል።

ከሌላ የአፍሪካ አገርም የምንማረው አለ። ሩዋንዳ ውስጥ የሠለጠኑ የመንደር ሰዎች ቤት ለቤት እየሄዱ እናትንም አባትንም ከሕፃናቸው ጋር እንዴት እንደሚጫወቱ ያለማምዳሉ። አባቶች ለልጆቻቸው ቀረቡ፤ በቤት ውስጥ የነበረው ጥቃትም ቀነሰ። በአንጻሩ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ በ5 አገሮች ለሕፃናት ምቹ ሥፍራዎች የተደረገ ግምገማ ጥቅማቸው መጠነኛ እንደሆነና አብዛኛውን ጊዜ እንደማይዘልቅ አመልክቷል። ሥፍራዎቹ ልጆችን ከአደጋ ይጠብቃሉ፤ ቤቱን ግን ብቻቸውን አይለውጡትም።

መጠንቀቅ የሚገባው

ጨዋታ ለስላሳ ቢመስልም ሰውን ሊጎዳ ይችላል። ባል ሚስቱን በሚደበድብበት ቤት ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጦ ማጫወት ማታ ሌላ ዱላ ሊያስከትልባት ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የእሷ ደኅንነት ይረጋገጥ፣ ለየብቻም ይነጋገሩ። የቤተሰብ አባላትን እያቆሙ «ሐውልት» የማሠራት ልምምድ አማትና ምራት በማይነካኩበት ባህል ሰው ሊያሳፍር ይችላል፤ በድንጋይ ወይም በባቄላ መተካት ይቻላል። አንድ አባወራ ከአንድ በላይ ሚስት ባለበት ቤት «ቤተሰብህን ሣል» ሲባል ብዙ ቤት ሊሣል ይችላል፤ ባለሙያው እንደ ጉድለት አይየው። የሰው ምስል መሣል በሃይማኖቱ የማይፈቀድ ለሚመስለው ወላጅ ሌላ አማራጭ ይቅረብ። ዘመዱን የቀበረ ልጅ የተገደሉትን ሲስል አስጫዋቹ አይቆጣው፣ ዝርዝር ለማውጣትም አይገፋፋው፤ ወደ ሠለጠነ ባለሙያ የሚወስደው መንገድ ግን አስቀድሞ የታወቀ ይሁን።

ከየት ይጀመር?

በዚህ ሙያ የሠለጠኑ ሰዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ ክልሉ ዩኒቨርሲቲ እስኪያስመርቅለት ይጠብቅ ማለት ግን ሌላ ትውልድ መተው ነው። ከቤተሰብ ጋር ዛሬም የሚቀመጡ ሰዎች አሉ፦ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ የአፀደ ሕፃናት መምህራን፣ በመጠለያዎች ያሉ አስጫዋቾች፣ የአገር ሽማግሌዎች። እነዚህን ሐኪም ማድረግ አይቻልም፤ ወላጅ ልጁን እየተከተለ እንዲጫወት ማለማመድና ከባድ ጉዳት ሲያዩ ወደ ሆስፒታል መላክ ግን ይችላሉ። ሥልጠናውን በበርታ፣ በጉሙዝ፣ በሽናሻና በዐረብኛ ማዘጋጀት፣ ባለሙያ በየጊዜው እየመጣ እንዲከታተላቸው ማድረግ፣ ውጤቱንም መመዝገብ ለአሶሳ ዩኒቨርሲቲ፣ ለክልሉ ጤና ቢሮና ለእርዳታ ድርጅቶች የሚገባ የጋራ ሥራ ነው።

ከሁሉ የሚቀድመውና ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቀው እርምጃ ደግሞ ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል። ለሕፃናት ምቹ በሆኑት ሥፍራዎች ሁሉ በሳምንት አንድ ቀን፣ ራሽንም ሰልፍም የሌለበት ሰዓት ተመርጦ፣ በሩ ለእናቶችና ለአባቶች ይከፈት። አባት ከልጁ ጋር ጭቃ ያቡካ፣ እናት እንቆቅልሽ ትጠይቅ። ልጆቹ የሚያድሩት ከነሱ ጋር ነውና፣ ለነሱ ያልደረሰ ሕክምና ለልጆቹም ሙሉ አይሆንም።