የተሽከርካሪ ወቅታዊ ጥገናና የነዳጅ ፍጆታ፦ ለልደታ ክፍለ ከተማ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

አገራችን የምትጠቀመውን ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ እየገዛች፣ በአመዛኙ በጅቡቲ በኩል ታስገባለች። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የታለመ የነዳጅ ድጎማ አሠራር ተግባራዊ በመደረጉ ድጎማው በዋናነት የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎችን እንዲመለከት ሆኗል፤ የግል አውቶሞቢል ባለንብረትም የዋጋ ማስተካከያውን ደረጃ በደረጃ ከራሱ ኪስ መሸፈን ጀምሯል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ መወሰኑ ቢታወቅም፣ ዛሬ በመንገድ ላይ ያሉት ተሽከርካሪዎች ገና ለበርካታ ዓመታት ያገለግላሉ። ስለሆነም በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአግባቡ መያዝ ለባለንብረቱም ለአገርም ወጪን የሚቀንስ ተግባር ነው።

ጠዋትና ማታ ከጦር ኃይሎች ተነስቶ በኮካ ኮላና በልደታ በኩል ወደ ሜክሲኮ የሚጓዝ አሽከርካሪ እንደሚያውቀው፣ በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ሞተሩ ተነስቶ መኪናው ግን የሚቆምበት ጊዜ ቀላል አይደለም። የቆመ መኪና አንድ ሜትር ሳይጓዝ ነዳጅ ያቃጥላል። መጨናነቁን አሽከርካሪው ብቻውን ሊያስቀር አይችልም፤ የተሽከርካሪው ይዞታ ግን በእጁ ነው።

በቅድሚያ ፍጆታን መለካት ያስፈልጋል። ታንከሩን ሞልተው የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ይመዝግቡ፤ በሚቀጥለው ጊዜ ዳግም ሲሞሉ የገባውን ሊትር በተጓዙት ኪሎ ሜትር አካፍለው በ100 ያባዙ። ለምሳሌ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ 36 ሊትር የወሰደ መኪና በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ተጠቅሟል ማለት ነው። ይኸው መኪና በተመሳሳይ መንገድ ከጥቂት ወራት በኋላ 42 ሊትር ከወሰደ ፍጆታው ወደ 10 ሊትር ተኩል አድጓል፤ ምክንያቱም መፈለግ አለበት። የነዳጅ ክፍያ በቴሌብርና በመሳሰሉት የዲጂታል መንገዶች የሚፈጸም መሆኑ ለዚህ ሥራ ያግዛል፤ የከፈሉበት ቀንና የገንዘብ መጠን በስልክዎ ላይ ተመዝግቦ ይገኛልና።

ከሁሉ ርካሹ ቁጥጥር የጎማ ንፋስ ነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት ባወጣው መረጃ መሠረት የአራቱም ጎማዎች ንፋስ በአማካይ አንድ ፒ.ኤስ.አይ. ሲቀንስ የነዳጅ ቁጠባው በ0.2 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ጎማን በእግር ረግጦ ወይም በዓይን ገምቶ ማለፍ የተለመደ በመሆኑ አሥር ፒ.ኤስ.አይ. የጎደለው ጎማ ሳይታወቅ ሊነዳ ይችላል። ትክክለኛው መጠን በአብዛኛው በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ጎሚስታው በልምድ ከሚነግርዎት ይልቅ ያንን ይከተሉ፤ የሚለካውም ጎማው ሳይሞቅ፣ ቢቻል ጠዋት ነው።

የአየር ማጣሪያን በሚመለከት አንድ ልዩነት ማወቅ ይጠቅማል። ካርቡራተር ባላቸው አሮጌ መኪኖች ላይ የተደፈነ ማጣሪያ በቀጥታ ነዳጅ ያስበላል። ነዳጅ በኢንጄክተር በሚረጭባቸው መኪኖች ግን ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን ከሚገባው አየር ጋር ስለሚያመጣጥን ጉዳቱ ይበልጥ የሚታየው በጉልበት ማነስ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አራተኛ ገደማ ያነሰ ነው። ለቆላ አገር የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲመጣ ከአየሩ ጋር ያልተመጣጠነ ብዙ ነዳጅ ይለቃል። የዚህ ምልክቱ ጥቁር ጭስ እና የጠቆረ ካንዴላ ነው።

ከፍታው ሌላም መዘዝ አለው፤ በባለንብረቶች ዘንድ እምብዛም ስለማይነገር በዝርዝር ማየቱ ተገቢ ይሆናል። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የራዲያተሩ ክዳን ግፊት መያዝ ካቃተው ወይም በማቀዝቀዣ ፈሳሽ ፈንታ የቧንቧ ውኃ ብቻ ከተሞላ፣ መኪናው በመጨናነቅ መካከል ቶሎ ይፈላል። አንዳንድ መካኒኮች ለዚህ የሚሰጡት መፍትሔ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። መኪናው መፍላቱን ሊያቆም ይችላል፤ ነገር ግን ሞተሩ ወደ ትክክለኛ ሙቀቱ ለመድረስ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ኮምፒውተሩም ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ቆጥሮ ተጨማሪ ነዳጅ መስጠቱን ይቀጥላል። እንደ አዲስ አበባ ባለ ቀዝቃዛ ጠዋት አጭር ርቀት ለሚጓዝ ሰው ይህ የዕለት ተዕለት ኪሳራ ነው። ረዘም ያለ መንገድ ተጉዘው የሙቀት መለኪያው ሁልጊዜ ከመካከል በታች የሚቀር ከሆነ ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩን ይጠይቁ። ትክክለኛው ጥገና ክዳኑን፣ ፈሳሹን፣ የራዲያተሩን ንጽህናና ቬንቲሌተሩን መፈተሽ ነው።

የሞተር ዘይት በአምራቹ መመሪያ የተገለጸው ዓይነት መሆን አለበት። «መኪናው አርጅቷልና ወፍራም ዘይት ይሁንለት» የሚለው ምክር በተለይ ቀጭን ዘይት እንዲጠቀሙ ለተሠሩ ትናንሽ መኪኖች አይሠራም፤ ሞተሩ ወፍራሙን ዘይት ለመግፋት ጉልበት ያባክናል። ፍሬን ይዞ የሚቀር ጎማም እንዲሁ ነው፦ አጭር ጉዞ አድርገው ሲወርዱ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ሲሞቅ ከተሰማዎት ሳይዘገዩ ያስፈትሹ፤ ጉዳዩ ከነዳጅ አልፎ የደኅንነትም ነውና።

በዳሽቦርዱ ላይ የሚበራውን የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራት ችላ ማለት፣ ይባስ ብሎም በፕላስተር መሸፈን፣ ውድ ልማድ ነው። ከላይ በተጠቀሰው መረጃ መሠረት የተበላሸ የኦክስጅን ሴንሰርን መቀየር በአንዳንድ መኪኖች ላይ የነዳጅ ቁጠባውን እስከ 40 በመቶ ሊያሻሽል ይችላል፤ የተለመደ የሞተር ቁጠባ ጉድለትን ማስተካከል ግን በአማካይ 4 በመቶ ገደማ ያስገኛል።

ቁልቁለት ላይ ማርሽ አውጥቶ መንዳት ነዳጅ ይቆጥባል የሚለው እምነት ለኢንጄክተር መኪኖች ትክክል አይደለም። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ኮምፒውተሩ ነዳጁን ይቆርጣል፤ ማርሽ ሲወጣ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠቀሙን ይቀጥላል። ፍሬኑም ብቻውን ይሠራና ይግላል።

በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት የሚደረገው ዓመታዊ የቴክኒክ ምርመራ ተሽከርካሪው ለመንገድ ብቁ መሆኑን የሚያረጋግጥ ሲሆን፣ የወቅታዊ ሰርቪስ ምትክ አይደለም። ቦሎ መለጠፉ ዘይቱ መቀየሩን አያሳይም። ወደ ጋራዥ ሲሄዱ የመዘገቡትን የፍጆታ መጠን ይዘው ይቅረቡ፤ የሚቀየረው ዕቃ ምን እንደሆነና ለምን እንደሚቀየር አስቀድመው ይጠይቁ፤ የወጣውን አሮጌ ዕቃም ይረከቡ። ከጥገናው በኋላ ታንከሩን ሞልተው ስሌቱን እንደገና ይሥሩ፤ ቁጥሩ ካልተለወጠ ደረሰኙን ይዘው ወደዚያው ጋራዥ ይመለሱ።