አባት ቆጣሪውና ቀለም ያዡ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪታወጅ ድረስ መንዝ ውስጥ መሬት የሚገኘው በትውስታ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ርስት የሚጠይቅ ሰው ሽማግሌ ወይም ዳኛ ፊት ቀርቦ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እያለ እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። በእናትም በአባትም በኩል ይቆጠራል። አንድ ትውልድ ከዘለለ ወይም የአያቱን ወንድም በአያቱ ቦታ ከጠራ ባላጋራው እዚያው ላይ ይይዘዋል። ማማ፣ ላሎ፣ ጌራ እያልን የምንጠራቸው የመንዝ ምድሮች ራሳቸው፣ በትውፊቱ መሠረት፣ የአቅኚዎቹ አባቶች ስም ናቸው። የጓሳን የሣር ምድር ለዘመናት ያቆየው፣ ቄሮ የሚባለው የአጠባበቅ ሥርዓትም የቆመው በዚሁ ላይ ነበር፤ ሣሩን የሚያጭደው ከአስቦ ወይም ከጌራ እወለዳለሁ ብሎ መቁጠር የሚችል ነበር።

ከዚያ አዋጅ መጣ፤ መሬት በቆጠራ መገኘቱ ቀረ። አያቴ እስከ ዘጠኝ ትውልድ ይቆጥር ነበር። አባቴ አምስት ላይ ይቆማል። እኔን ተዉኝ። አሁን አባት የሚቆጠረው ጋብቻ ሲመጣ ነው፤ ሰባት ቤት መድረሱን ለማጣራት፤ እሱንም ቢሆን የሚቆጥሩት ሽማግሌ ከሌላ ቀበሌ ተፈልገው ነው።

ለዚህ ጽሑፍ መነሻ የሆነኝ ይኸው ነው። በአንድ ቤት ውስጥ፣ በሁለት ትውልድ፣ ያን ያህል ስም እንዴት ይጠፋል? አባቴ ከአያቴ ያነሰ ጭንቅላት ኖሮት አይደለም። ስሞቹን ልጅ ሆኖ ሰምቷቸዋል። ግን ማንም «እስቲ ቁጠር» ብሎት አያውቅም። ሰው አእምሮው ውስጥ የሚቀርለት የሰማው ሁሉ ሳይሆን ደጋግሞ ያወጣው ነው። ፈተና ያለባችሁ ተማሪዎች ይህቺን ዓረፍተ ነገር ብቻ ይዛችሁ ብትሄዱም አልቀየማችሁም።

አያቴ ሲቆጥር አንድ ነገር ልብ እል ነበር። ጣቱን እያጠፈ ይቆጥራል፤ መሃል ላይ ስም ከጠፋበት ከጠፋበት ቦታ አይቀጥልም። ያጠፋቸውን ጣቶች በሙሉ ይዘረጋና ከራሱ ስም ጀምሮ በአንድ ትንፋሽ ይንደረደራል። ያን ጊዜ የጠፋው ስም ከፊቱ ያለውን ተከትሎ ዱብ ይላል። ዳዊት ደጋሚም እንዲሁ ነው፤ መሃል ላይ ካቋረጣችሁት መዝሙሩን ከራሱ ነው የሚያነሣው። በቃል የተያዘ ነገር ላይ እያንዳንዱ ቃል ለሚቀጥለው ቃል ጠቋሚ ሆኖ ስለሚያገለግል፣ ጠቋሚውን ትቶ መሃል መግባት ይከብዳል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ባለሙያዎቹ ትውስታን በሦስት ሥራ ይከፍሉታል፤ መቅረጽ፣ ማቆየት፣ መልሶ ማውጣት። ብልሽት በሦስቱም ላይ ይደርሳል። ለምሳሌ ቁልፉን የት እንዳስቀመጠ የጠፋው ሰው አብዛኛውን ጊዜ አልረሳም፤ መጀመሪያውኑ አልቀረጸውም። ሲያስቀምጠው ልቡ ስልኩ ላይ ነበር። ልብ ያላሉትን ነገር ማስታወስ አይቻልም፤ «ማጥናቱንስ አጥንቻለሁ» የሚሉ ብዙ ተማሪዎች ችግራቸው እዚህ ላይ ነው።

ልብ ያሉት ነገር ደግሞ መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ጠባብ ነው። የሥራ ትውስታ ይሉታል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ጆርጅ ሚለር እ.ኤ.አ. በ1956 ሰባት ገደማ ነገር ይይዛል ብሎ ጽፎ ነበር፤ ኋላ የመጣው ኔልሰን ኮዋን ወደ አራት አወረደው። የቅኔ መምህራን የእነዚህን ሰዎች ስም ሳይሰሙ ትምህርቱን በዚሁ ልክ ሰፍተውታል። ጀማሪ የሚነሣው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ሁለት ቤት ብቻ። ቀስ እያለ ሦስት ቤት ወዳለው ዘአምላኪየ ይወጣል። ስምንት ቤት ያለው መወድስ ላይ የሚደርሰው ብዙ ቆይቶ ነው።

ቅኔ ደግሞ ለዕለቱ ተዘርፎ የሚቀርብ ስለሆነ ሰሚው እዚያው መቀበል አለበት። ለግዕዝ እንግዳ የሆነ ሰው ስምንቱን ቤት ሰምቶ አንድ ቃል ይዞ አይወጣም። ሰዋስዉ የገባው ግን ቃላት አይለቅምም፤ ማሰሪያ ግሱን፣ ባለቤቱን፣ ሰሙንና ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ለአንደኛው ሃምሳ ነገር የሆነው ለሌላኛው አራት ወይም አምስት ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ «ጭንቅላቱ ብሩህ ነው» የምንለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሌላው የሰፋ ጭንቅላት ኖሮት አይደለም፤ አዲሱን የሚያያይዝበት የቀደመ እውቀት ስላለው ነው። ይህን ለወላጆች ስነግር ደስ አይላቸውም። ብሩህ ልጅ የወለዱ መሆናቸውን መስማት ይሻላቸዋል።

ከዚያ ጠባብ ቦታ ወደ ዘላቂው ትውስታ የሚያሻግረው አንጎላችን ውስጥ በግራና በቀኝ፣ በጆሮ አቅጣጫ ጠልቆ የተቀመጠ ሂፖካምፐስ የሚባል ክፍል ነው። ይህ የታወቀው በአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞሌሰን የሚባል አሜሪካዊ በሚጥል በሽታ ይሠቃይ ነበርና እ.ኤ.አ. በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ሐኪሞች ይህን የአንጎል ክፍል ከሁለቱም ወገን በአብዛኛው አወጡለት። የበሽታው ጉልበት ቀነሰ። ነገር ግን ሰውዬው ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ነገር ማቆየት አልቻለም። ጠዋት ያዋያት ሐኪም ወጥታ ስትመለስ እንደ አዲስ ይተዋወቃታል። እ.ኤ.አ. በ2008 እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ኖረ።

የሚገርመው ሌላው ነው። ብሬንዳ ሚልነር የተባለችው ተመራማሪ የኮከብ ሥዕል በመስታወት ውስጥ እያየ በእርሳስ እንዲከተል ስታሠራው፣ ልምምድ ማድረጉን ጨርሶ አያስታውስም፤ እጁ ግን ከቀን ወደ ቀን እየተካነ ሄደ። የእጅ ሙያ የሚቀመጥበት መንገድ ሌላ ነው ማለት ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ ያደገ ሰው ይህን ለማመን ላቦራቶሪ አያስፈልገውም። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እማማ በእርጅናቸው የልጆቻቸውን ስም ያምታቱ ነበር፤ እኔንም ከሞተ ወንድማቸው ጋር እያዛመዱ «መቼ መጣህ?» ይሉኛል። እንዝርትና የበግ ጠጉር ስትሰጧቸው ግን ጣታቸው አንድም አይሳሳትም። ጭናቸው ላይ አሹረው ይለቁታል፤ ክሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ሆኖ ይወጣል። ለበርኖስ የሚሆን ክር ነው የምላችሁ።

ወደ መርሳት ልምጣ። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ የራሱን መርሳት ለክቷል። ትርጉም የሌላቸው ቀለማት እየደረደረ በቃሉ ይይዛል፤ ቆይቶ እንደገና ሲያጠናቸው ምን ያህል ድካም እንደቀነሰለት ያሰላል። አንድ ሰዓት ሲያልፍ ከግማሽ በላይ ሄዷል። በማግስቱ የቀረው ሲሦ ያህል ነው። ወር ሲሞላ አንድ አምስተኛ ገደማ። ልብ በሉ፤ ከአንድ ቀን በኋላ ያለው መውረድ ረጋ ያለ ነው፤ ገደሉ ያለው የመጀመሪያው ቀን ላይ ነው። ከወር በፊት የተማራችሁትን ዛሬ ሌሊት ቁጭ ብላችሁ ከምትሸመድዱ፣ በተማራችሁበት ማግስት አሥር ደቂቃ ብትሰጡት ይሻል ነበር።

የአብነት ትምህርት ቤት ይህን በሥርዓቱ ውስጥ አስገብቶታል። ቀን ንባብ ነው፤ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ፣ ቁም ንባብ። ማታ ቃል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ያለውን የመንዝ ብርድ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ተሜ ደበሎውን ጠቅልሎ በጨለማ ተቀምጦ ውዳሴ ማርያሙን፣ መልክዓ መልክዑን ከቀደመው ተማሪ አፍ ይቀበላል። መብራት የለም፤ ስለዚህ አጮልቆ የሚያየው መጽሐፍ የለም። ብሎ ብሎ ይተኛል። ዛሬ እንደምናውቀው ሂፖካምፐስ ቀን የተያዘውን በእንቅልፍ ጊዜ መልሶ መላልሶ ያስኬደዋል፤ ቀስ በቀስም የአንጎል ቅርፊት ይረከበዋል። ተሜም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ያንኑ ያወርደዋል። ከየኔታ ፊት ቀርቦ ሳያሰማ አዲስ ቀለም አይጨመርለትም።

ማሰማት የምትለዋ ነገር ናት ዋናዋ። ሄንሪ ሮዲገርና ጄፍሪ ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አንደኛው የተማሪ ቡድን አንድ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበበ። ሌላው አንዴ አንብቦ፣ ወረቀቱን አስረክቦ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ሁለቴ ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ አንባቢዎቹ 42 በመቶ፣ ካነበቡ በኋላ ያወጡት 56 በመቶ አስታወሱ። ደጋግሞ ማንበብ የሚያታልለው ለዚህ ነው። ገጹን ሲያዩት ይታወቃል፣ ይለመዳል፤ ያወቅነው ይመስለናል። ፈተና ክፍል ውስጥ ግን ገጹ የለም። ደብተሩን ዘግቶ «ምን ነበር ያነበብኩት?» ብሎ መታገል ያደክማል፣ ያበሽቃልም፤ ትምህርቱ ያለው ግን እዚያ ትግል ውስጥ ነው። ሁለት ሆናችሁ ተጠያየቁ። ብቻችሁን ከሆናችሁ ለግድግዳው አስተምሩት።

ጠቋሚ ስላልኩት ነገር አንድ ጨምሬ ልለፍ። የድጓ መጽሐፍ ያየ ሰው ከፊደሉ በላይ በጥቃቅን የተጻፉ ፊደላት ያስተውላል። እነዚህ ምልክቶች በትውፊት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የሠሯቸው ናቸው። ብዙዎቹ መሪጌታው አስቀድሞ በቃሉ የሚያውቀውን የዜማ ሐረግ ቆርጠው የሚያስታውሱ ናቸው፤ አንዲት ፊደል ትታያለች፣ ሙሉ ዜማ ይወጣል። ቃሉን ላልያዘ ሰው ግን ምልክቱ ምንም አይነግረውም። የማስታወሻ አያያዝ ጥበብ ማለት ይህ ነው። መምህሩ የተናገረውን ሁሉ የሚገለብጥ ተማሪ ከዚህ ብዙ የሚማረው አለ።

ትውስታ ግን እንደተቀመጠ አይጠብቀንም። በርስት ሙግት ጊዜ ሁለት ዘመዳሞች ከአንድ አባት ይነሡና ሁለት የተለያየ ቆጠራ ይቆጥሩ ነበር፤ ሁለቱም ይምሉ ነበር። የከተማ ሰው «አንዱ ዋሽቷል» ይላል። እኔ እንዲያ አይመስለኝም። ቆጠራው በተነሣ ቁጥር ለዕለቱ ሙግት የሚመች ስም ጎላ ይላል፣ የማይመች ይደበዝዛል፣ ልጅ አልባ የሞተ አጎት ጭራሽ ይጠፋል፤ ልጁም የሚወርሰው ያንን ነበር። ኤልዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 ለሰዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው፣ ከፊሎቹን «ሲጋጩ»፣ ከፊሎቹን «ሲላተሙ» በሚል ዓይነት አጠያየቅ ስለ ፍጥነቱ ጠየቁ። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ ጠንከር ባለው ቃል የተጠየቁት 32 በመቶ አየን አሉ፤ ለዘብ ባለው ከተጠየቁት ደግሞ 14 በመቶ። ፊልሙ ላይ የተሰበረ መስታወት አልነበረም። አንድን ነገር ባስታወስነው ቁጥር እንደገና እንሠራዋለን፤ በእርግጠኝነት የተነገረ ሁሉ እውነት አይደለም። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትቀመጡ ይህን ብታስቡበት ጥሩ ነው።

አሁን ወደማልወደው ክፍል። «ቀለም እንዲይዝልኝ አብሾ ብጠጣስ?» የሚል ጥያቄ ከመርሐቤቴም፣ ከግሼም፣ ከአዲስ አበባም ይደርሰኛል። አብሾ ሲባል ከሚጠቀሱት ዕፅዋት ዋነኛው አስተናግር ነው፤ በየአጥሩ ሥር የሚበቅለው፣ ነጭ አበባና እሾሃም ፍሬ ያለው። ይህ ተክል ስኮፖላሚንና አትሮፒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት። አንጎል አዲስ ነገር ለመቅረጽ ከሚገለገልባቸው መልእክተኞች አንዱ አሴቲልኮሊን ነው፤ እነዚህ የሚያግዱት እሱኑ ነው። ተመራማሪዎች ጤነኛ ሰው ላይ ለጊዜው የመርሳት ችግር መፍጠር ሲፈልጉ የሚሰጡት ስኮፖላሚንን ነው። ለመርሳት በሽታ የሚታዘዙት እንደ ዶኔፔዚል ያሉ መድኃኒቶች ደግሞ በተቃራኒው አሴቲልኮሊን እንዲበረክት የሚያደርጉ ናቸው። እንግዲህ ፍረዱ፤ ቀለም ይያዝልኝ ብሎ ቀለም የሚያስጥል መጠጣት ነው።

«ሊቁ እገሌ ጠጥቶ አይደል ሊቅ የሆነው?» ትሉኝ ይሆናል። ሊቁ እገሌ ለዓመታት ማታ ማታ ቃሉን ሲል፣ ጎሕ ሲቀድ ሲያወርድ፣ የኔታ ፊት ሲያሰማ ኖሯል። ያ አይወራለትም፤ ብርጭቆው ነው የሚወራለት። ጠጥቶ አእምሮው የተነካውም አይወራለትም፤ ቤተሰቡ ጸበል ለጸበል ይዞት ይዞራል።

ስለዚህ አደራ፤ የፈተና ሰሞን ቤታችሁ ውስጥ ያለ ልጅ አፉ ደርቆ፣ የዓይኑ ብሌን ሰፍቶ፣ ልቡ እየዘለለ፣ የሌለ ነገር እያየ ከቀባጠረ፣ «ይለቀዋል» ብላችሁ አታሳድሩት። ያኔውኑ ቅርብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ውሰዱት። የጠጣው ነገር ትርፍ፣ ቅጠል ወይም ፍሬ ካገኛችሁ ይዛችሁ ሂዱ፤ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።