የሙዚቃ ቴአትር በዩኒቨርሲቲ፤ ተመራቂዎቹስ ወዴት ደረሱ?

በትምህርት መዝጊያ ቀን የሚታይ ቴአትር በታሰበ ጊዜ የተዋንያኑ ስም ተጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ሁላችንም እየተጋፋን ስማችንን እንፈልጋለን። ጥቂቶቹ እየሣቁ ይመለሳሉ፤ የቀረነው ግን ከዝርዝሩ ግርጌ «ሁለተኛ ወታደር» ወይም «መንገደኛ» ተብለን ራሳችንን እናገኘዋለን። ከዚያ በኋላ ሦስት ዐይነት ሰው ይታያል። አንደኛው አኩርፎ ይቀራል። ሁለተኛው ጦሩን ይዞ ከበስተ ኋላ ይቆማል። ሦስተኛው ደግሞ ጦሩን እንደ ያዘ «የራሳችንን ለምን አንሠራም?» ብሎ ያስባል።

ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ ልናስረዳ የተነሣነው በአሜሪካ አገር በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስለሚሰጠው የሙዚቃ ቴአትር ትምህርትና ከዚያ ወጥተው ስለ ታወቁት ሰዎች ነው። ከማስታወቂያ ሰሌዳው የጀመርነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ሦስተኛው ዐይነት ሰው በታሪኩ ውስጥ ደጋግሞ ስለሚመጣ ነው። ከዚህ በታች የምንጽፈው ዓመተ ምሕረት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናሳስባለን።

በመጀመሪያ የሙዚቃ ቴአትር ማለት ምን እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በአገራችን በ1935 የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት ዘፈንንም፣ ውዝዋዜንም፣ ተውኔትንም ለሕዝብ ሲያቀርብ ኖሯል። ነገር ግን በአንድ ምሽት ዘፈኑ ካለቀ በኋላ ተውኔቱ ቢቀጥል፣ ሁለቱ ጐረቤታሞች እንጂ አንድ ቤተ ሰብ አይደሉም። የሙዚቃ ቴአትር የሚባለው ንግግሩ፣ ዜማውና ዳንሱ በአንድ ታሪክ ውስጥ አብረው ሲሰፉ ነው። ሰውየው ሲናገር ይቆይና ነገሩ ከንግግር በላይ ሲሆንበት ይዘፍናል፤ ዘፈኑም ሲያልቅ ታሪኩ ከነበረበት ወደ ፊት ተራምዶ መገኘት አለበት። መለያው ቀላል ነው። ዘፈኑን አውጥተነው ታሪኩ ከጐደለ የሙዚቃ ቴአትር ነበር፤ ካልጐደለ ግን ዘፈኑ ለጌጥ ብቻ ገብቶ ኖሯል ማለት ነው።

ይህ ዐይነት ሥራ ሲያድግ ለተዋናዩ አዲስ ችግር አመጣበት። በ1943 በኒው ዮርክ የታየው «ኦክላሆማ!» የተባለው ቴአትር የባለ ታሪኳን ሕልም በዳንስ ይገልጻል፤ ነገር ግን በሕልሙ ውስጥ የምትደንሰው ሌላ ሴት ነበረች። የምትዘፍነውና የምትደንሰው ሁለት ሰዎች ሆነው አንዲትን ልጃገረድ ተካፈሏት ማለት ነው። በ1957 «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» በታየ ጊዜ ግን የሠፈር ጐረምሶች ሆነው የሚጣሉት ተዋንያን ራሳቸው ይናገራሉ፣ ራሳቸው ይዘፍናሉ፣ ራሳቸው ይደንሳሉ። ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ሙያ በአንድ አካል የያዘ ሰው ተፈላጊ ሆነ። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ እንዲያው በዕድል አይገኝም፤ ማሠልጠን ያስፈልጋል። ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ትምህርት ዲግሪ መስጠት የጀመሩበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው።

ወደ ሚሺጋን እንመለስ። ዩኒቨርሲቲው በ1817 በዲትሮይት ከተማ ተመሥርቶ በ1837 አን አርበር ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ተዛወረ። የሙዚቃ ቴአትር ትምህርት ክፍል የተከፈተው ግን በ1984 ነው። በዚህ መካከል ቴአትሩን የያዙት መምህራን ሳይሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። በ1908 የተማሪዎቹ ማኅበር «ዩኒየን ኦፔራ» የተባለ የዘፈን ቴአትር አሳየ፤ ከዚህ ቴአትር የሚገኘውም ገንዘብ ለማኅበሩ ሥራ ይውል ነበር። ጽሑፉና ዜማው የተማሪ ነበር። አስገራሚው ነገር ሴቶች በዩኒቨርሲቲው መማር ከጀመሩ ከ1870 ወዲህ ብዙ ዘመን ያለፈ ቢሆንም፣ በዚያ መድረክ ላይ የሴቶቹን ድርሻ ቀሚስ ለብሰው የሚጫወቱት ወንዶች መሆናቸው ነው። በ1956 ይህ ልማድ ተለወጠና ማኅበሩ ሴት ተማሪዎችን የሚጨምር አዲስ የቴአትር ቡድን አቋቋመ። ስሙንም «መስኬት» አሉት፤ ትርጓሜውም ባጭሩ «የሚሺጋን ዩኒየን ቴአትር፣ ሴት ተማሪዎችም ጭምር» ማለት ነው። ይህ ቡድን እስከ ዛሬ በተማሪዎች እጅ ይመራል። እንግዲህ ዲግሪው ከመምጣቱ ከሰባ ስድስት ዓመት በፊት ሥራው ነበረ ማለት ነው። ትምህርት ክፍሉ የተተከለው ተማሪዎች ባረሱት መሬት ላይ ነው።

ክፍሉን ከ1984 ጀምረው ከሠላሳ ዓመት በላይ የመሩት ብሬንት ዋግነር የተባሉ መምህር ናቸው። በየዓመቱ በመቶ የሚቈጠሩ ወጣቶች በድምፅ፣ በትወናና በዳንስ ይፈተናሉ፤ የሚገቡት ግን ሃያ ያህል ብቻ ናቸው። ትምህርቱ አራት ዓመት ይፈጃል። ተማሪው ድምፁን ከመምህር ጋር ለብቻው ይሠራል፣ ኖታ ማንበብና ፒያኖ ይማራል፣ ትወና ያጠናል፣ ባሌና ጃዝ ዳንስ እንዲሁም ብረት የተመታበትን ጫማ ወለል ላይ እያንኳኩ የሚደነሰውን ዳንስ ይለማመዳል።

የዚህ ሥልጠና ጭንቅ ከውጭ ለሚያይ ሰው አይታወቅም። የዳንስ መምህሩ «ሆድህን ሰብስብ» ይላል፤ ወገብ እንዳይዝል የሆድ ጡንቻ መጥበቅ አለበትና። የድምፅ መምህሩ ደግሞ «ሆድህን ልቀቅ» ይላል፤ ትንፋሽ ወደ ታች ካልወረደ ድምፅ አይወጣምና። ተማሪው በአንድ ሆድ ሁለቱን ጌቶች ማገልገል አለበት። ሁለቱን ካስታረቀ በኋላም ፊቱ ላይ ድካም ሳይሆን የባለ ታሪኩ ሐዘን ወይም ደስታ እንዲታይ ይጠበቅበታል። አራት ዓመት ይበዛል የሚል ሰው ካለ ሦስት ፎቅ ደረጃ ሮጦ ወጥቶ አንድ ዘፈን ሳያቋርጥ ቢዘፍን መልሱን ያገኛል።

ተመራቂዎቹስ ወዴት ደረሱ? ብሮድዌይ የሚባለው በኒው ዮርክ ከተማ የሚገኙት 41 ትልልቅ ቴአትር ቤቶች ስብስብ ነው። ሃንተር ፎስተር በዚያ በ2001 «ዩራይንታውን» በተባለው ቴአትር ዋናውን ድርሻ ተጫወተ። በ1998 የተመረቀው ጋቪን ክሪል በ2002 ለመጀመሪያ ጊዜ ብሮድዌይ ላይ ታየ፤ ቶኒ የተባለውን የቴአትር ከፍተኛ ሽልማት ያገኘው ግን ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ በ2017 ነው። በ2024 ገና በ48 ዓመቱ በካንሰር ዐርፏል። በ2000 የተመረቀችው ሲሊያ ኪናን ቦልገር የቶኒን ሽልማት በ2019 ተቀበለች። ሽልማቷ ግን ዘፈን ለሌለው ተውኔት ነበር። በ2013 የተመረቀችው አሽሊ ፓርክ በ2018 «ሚን ገርልስ» በተባለው የሙዚቃ ቴአትር ለቶኒ ታጨች፤ ዛሬ «ኤሚሊ ኢን ፓሪስ» በተባለው ተከታታይ ፊልም ብዙዎቻችን እናውቃታለን።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባን የሁለት ተማሪዎች ታሪክ ነው። ቤንጅ ፓሴክና ጀስቲን ፖል የተባሉት እነዚህ ልጆች ተዋንያን እንሆናለን ብለው ነበር ሚሺጋን የገቡት። ሁለተኛ ዓመት ሲደርሱ ትምህርት ክፍሉ «ሲቲ ኦፍ ኤንጀልስ» የተባለውን ቴአትር ሊያሳይ ድርሻ አደለ። ለፖል የደረሰው ከበስተ ኋላ የሚደንስ ሰው መሆን ነው። ለፓሴክ የደረሰው ደግሞ የሬሳ መርማሪና «ካሜራ የያዘ ሰው» ነው። እነሆ የእኛ ሁለተኛ ወታደር!

ልጆቹ ግን አላኰረፉም። ተቀምጠው ስለ ራሳቸውና ስለ እኩዮቻቸው፣ ማለት ከልጅነት ወጥቶ ሰው መሆን ስለሚያስፈራው ወጣት፣ የዘፈኖች ስብስብ ጻፉ፤ «ኤጅስ» ብለውም ሰየሙት። በሚያዝያ 2005 በዚያችው በአን አርበር ከተማ በአንድ አነስተኛ የሙዚቃ አዳራሽ አሳዩት። የዘፈኑም ተጫዋቾች የክፍል ጓደኞቻቸው ነበሩ። ዘፈኖቹ በፌስቡክ ከተማሪ ወደ ተማሪ እየተላለፉ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም «እኛም እናሳየው» ብለው ይጠይቁ ጀመር። በ2007 ለወጣት የሙዚቃ ቴአትር ደራስያን የሚሰጠውን የጆናታን ላርሰንን ሽልማት አገኙ። በ2016 «ዲር ኢቫን ሀንሰን» የተባለው ሥራቸው ብሮድዌይ ገባና በተከታዩ ዓመት ስድስት ቶኒ ተቀበለ። በዚያው በ2017 «ላ ላ ላንድ» ለተባለው ፊልም በጻፉት የዘፈን ግጥም ኦስካር ተሸለሙ፤ ዜማው የሌላ ሰው ነው። በ2024 ደግሞ የቴሌቪዥኑን የኤሚ ሽልማት ሲጨምሩበት አራቱን ታላላቅ የአሜሪካ ሽልማቶች፣ ማለት ኤሚን፣ ግራሚን፣ ኦስካርንና ቶኒን ካሟሉት ጥቂት ሰዎች ተቈጠሩ።

ይህ አንድ ጊዜ የሆነ አጋጣሚ ነው እንዳይባል ሌላም ምስክር አለ። በሚያዝያ 2009 የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የሙዚቃ ቴአትር ሳይሆኑ የተውኔት ክፍል ተማሪዎች ናቸው፣ በሃሪ ፖተር መጻሕፍት ላይ የሚቀልድ የዘፈን ቴአትር ራሳቸው ጽፈው አሳዩ። ከዚያም ቀርፀው በዩቲዩብ አወጡት፤ በሚሊዮን የሚቈጠር ሰውም አየው። ሃሪን ሆኖ የተጫወተውና ከዘፈኖቹ ብዙዎቹን የጻፈው ዳረን ክሪስ በ2018 የኤሚን፣ በ2025 የቶኒን ሽልማት ተቀበለ።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን ሐቁን መናገር ይገባናል። ስም የጠራናቸው ሰዎች ጥቂቶች ናቸው። ስለ አንድ ትምህርት ቤት በተሸላሚዎቹ ብቻ መፍረድ ስለ አንድ ገበሬ ዐውደ ርእይ በወጣው በሬው ብቻ እንደ መፍረድ ነው። በቴአትር የሚተዳደር ሰው ሥራው በየቴአትሩ የሚፈረም ውል ነው። ቴአትሩ ሲዘጋ ደመወዙም ይዘጋል፤ እንደገናም ይፈተናል። በመጋቢት 2020 በወረርሽኙ ምክንያት ብሮድዌይ በሙሉ ሲዘጋ ተዋንያኑ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መድረክ ቀርተዋል፤ ያኔ ሽልማትም ሆነ ዲግሪ በሩን አላስከፈተም። ከዚህ ሌላ «ስዊንግ» የሚባሉ ተዋንያን አሉ። እነዚህ የብዙ አጃቢዎችን ድርሻ በቃል አጥንተው አንዱ ሲታመም የሚተኩ ናቸው። ስማቸውን ተመልካች አያውቀውም፤ እነርሱ ባይኖሩ ግን በአንድ ሰው ጉንፋን ቴአትሩ ይቀራል። ይህን ሙያ ሳንቈጥር ስለ ተመራቂዎች ብንጽፍ ማታለል ይሆናል።

ታዲያ ለእኛ የሚተርፈን ምንድን ነው? በአገራችን ልጅ ቴአትር ልማር ሲል «አዝማሪ ልትሆን ነወይ?» የሚል ወላጅ አለ። ወላጅን አንወቅስም፤ የሚፈራው ራብን ነው፤ ፍርሃቱም ከላይ እንዳየነው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መልሳችን «በኋላ ዝነኛ እሆናለሁ» መሆን የለበትም፤ ይህን ተስፋ የሚሚሺጋን ትምህርት ቤት እንኳ ለተማሪዎቹ ሊሰጥ አይችልም። ትክክለኛው መልስ ዩኒቨርሲቲ ከሚሰጠው ነገር ውስጥ ይገኛል።

ፓሴክና ፖል ያገኙት ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ድካም ያለበት ሙያ ተማሩ፤ ዘፈን እንዴት እንደሚቆም ያወቁት ራሳቸው ቆመው ስለ ዘፈኑ ነው። ሁለተኛ፣ ያለ ክፍያ የሚዘፍኑላቸው ጓደኞች አጠገባቸው ነበሩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ለሁለት ልጆች የከበደው ሥራ ለክፍሉ ጌጥ ሆነ። ሦስተኛ፣ ቢወድቁ የማይሰበሩበት ዕድሜና ቦታ ላይ ነበሩ። አንድ ነጋዴ በኒው ዮርክ የከሸፈ ቴአትር ብዙ ሚሊዮን ያስከፍለዋል፤ አንድ ተማሪ ግን በአነስተኛ አዳራሽ የከሸፈ ቴአትር የአንድ ሳምንት ሐፍረት ብቻ ያስከፍለዋል።

ከእነዚህ ከሦስቱ አንደኛው መምህርና ገንዘብ ይፈልጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን ዛሬ በእጃችን አሉ፤ በተመረቅን ማግስት ግን አይኖሩም። ጓደኞቻችን በየክፍለ ሀገሩ ይበተናሉ፤ ሐፍረታችንም ውድ ይሆናል። ስለዚህ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዝርዝሩ በሰሌዳው ላይ ተለጥፎ ከግርጌው ስማችንን ስናገኝ፣ በመጀመሪያ ወታደርነታችንን በሚገባ እንሥራ። ማታ ደግሞ ሁለተኛው ወታደርና መንገደኛው ተገናኝተው አንድ ደብተር ይክፈቱ።