የጓንግ ውሃ ለስንቱ ይበቃል?

የኮኪት ገበሬ ጓንግን በሁለት መልኩ ያውቀዋል። በክረምት ደፍርሶ፣ ግንድ እያላጋ ይወርዳል። በበጋ ግን ይሳሳል፤ ውሃው በየኩሬው ይቀራል። ያን ጊዜ ውሃ የምትቀዳው፣ ከብት የሚያጠጣውና አትክልት የሚያለማው እዚያው ይገናኛሉ። ጠብም የሚነሣው ያን ጊዜ ነው።

ጓንግ ከመተማ አልፎ ሱዳን ሲገባ አትባራ ይባላል። እዚያም የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። ግብፅ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ስትሠራ ውሃው የሱዳንን ዋዲ ሐልፋ ከተማ አጠለቀ። ከቀያቸው የተነሡት ሰዎች ወደ አትባራ ወንዝ አካባቢ ተወስደው ሰፈሩ። ለእርሻቸው በ1950ዎቹ ዓ.ም. የኸሽም አልጊርባ ግድብ ተሠራ። ግድቡ መስኖም መብራትም እንዲሰጥ ታስቦ ነው።

ታዲያ አንዱ ውሃ ሁለት ጌታ አገኘ። መብራት የሚሰጠው ተርባይን የሚባል መዘውር ነው። የሚዞረውም ውሃ ከከፍታ ሲወርድበት ነው። ስለዚህ ግድቡ ሞልቶ እንዲቆይ፣ ውሃውም ዓመቱን ሙሉ እየተመጠነ እንዲለቀቅ ይፈለጋል። ገበሬው ግን ውሃ የሚሻው ሰብሉ በጠማው ወር ነው።

ሦስተኛ ተሻሚም መጣ፤ ደለል። ደለል ማለት ጎርፍ አጥቦ የሚያመጣው አፈር ነው። ግድቡ ሲሠራ 1.3 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይይዝ ነበር። ከጊዜ በኋላ የቦታውን ግማሽ ያህል ደለል ያዘው። ደለሉን ለመጥረግ በጎርፍ ወራት በሩን ከፍቶ ውሃውን መልቀቅ ግድ ሆነ። ያን ጊዜ መብራቱ ይቀንሳል፤ ዓሣም ይሞታል።

ይህ አፈር ከየት ሄደ? ከእኛው ተራራና ማሳ ታጥቦ ነው። እነሱ ውሃ ጎደለባቸው፤ እኛ እርሻ ጎደለብን።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ሽሚያ ታይቷል። በ1988 ዓ.ም. ባሕር ዳር አጠገብ፣ ጨረጨራ ላይ፣ የጣናን ውሃ መቆጣጠሪያ ተሠራ። ለጢስ ዓባይ መብራት ውሃ ለማጠራቀም ነበር። በ1995 ዓ.ም. ዝናብ አንሶ፣ ለመብራትም ውሃ ተለቆ፣ ሐይቁ በጣም ዝቅ አለ። ጀልባዎች መሄድ ተቸገሩ።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 ቅድሚያውን ለቤት አገልግሎት ሰጥቷል። ከመብራትም ከመስኖም በፊት የሰው ጥም ይቀድማል ማለት ነው።

እኛም በየቀበሌያችን ይህንኑ እንከተል። መጀመሪያ ጀሪካን፣ ቀጥሎ ከብት፣ ከዚያ የውሃ መሳቢያ ሞተር። የሞተሩም ተራ ቀኑ ተቆርጦ ይጻፍ። መጻፍ የተማርነው ለዚህ ነው። የሰሊጥና የማሽላ ማሳችንን ተዳፋቱን አግድመን እንረስ። የወንዙን ዳር ዛፍና ሣር አንመንጥር። አፈሩን ያስቀረ ገበሬ ለራሱም፣ ከታች ላለውም ጠቀመ።

በማኅበራችሁ ተወያዩ፦ በእናንተ ወንዝ በበጋ ማን ይቀድማል? ተራውንስ ማን ይጽፋል?