«ምንጣፉን አንሱላት!»

ሰሞኑን ስለ ጓደኛና ስለ ትዳር ስናወጋ ከረምን። ዛሬ ደግሞ ወደ ሐረር፣ ወደ ጀጎል ልውሰዳችሁ። የምንገባው አብሮ አደጌ ቤት ነው። ስሟ ይቅር፣ «እናት» እንበላት። ከባሏና ከባሏ እናት ጋር ነው የምትኖረው። ልጇ ያኔ አንድ ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። ፈገግታዋ ቤት ያሞቃል… ግን አትድህም፤ ሳይደግፏትም አትቀመጥም።

«ሲደርስ ትሄዳለች» ይላሉ አያት። ባልየው ዝም። እንግዳ ሲመጣ ልጅቷ ወደ ጓዳ ትገባለች። አንድ ቀን ከፈረስ መጋላ ሸምተን ስንመለስ እናት ቆም አለችና፣ «አቦ፣ እኔ'ኮ እሷን መሸከም አልከበደኝም። መደበቁ ነው የከበደኝ» አለችኝ። የምመልሰው ጠፋኝ።

እኔ ታዲያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ለጽሑፍ የተከፈለችኝን ይዤ ሄድኩና ባለ ጎማ ዎከር ገዛሁላት! ያው ሕፃን መሃሉ ተቀምጦ በእግሩ የሚገፋውን ማለቴ ነው። ልጅቷ በጣቶቿ ጫፍ ብቻ ወለል እየነካች ተንጠለጠለች። በሁለተኛው ቀን እግሯን ግትር አድርጋ አንዴ ስትገፋው፣ ከሳሎን ወደ ግቢ በሚያወርደው ደረጃ ጫፍ ላይ ባልየው ባይደርስላት ኖሮ ይሄን ጽሑፍ አልጽፈውም ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግስቱ ሦስታችን ሐኪም ዘንድ ሄድን። ልጅቷ ስትወለድ ቶሎ አላለቀሰችም ነበር። ሐኪሙ ከመረመራት በኋላ «ሴሬብራል ፓልሲ» አለን፤ አንጎል ገና በለጋነቱ ሲጎዳ እንቅስቃሴን የሚያውክ ችግር ነው። እርግማንም ቁጣም አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቷ ስለ ዎከሩ ስትሰማ ግን ራሷን ያዘች። «እህቴ፣ እሱን ዛሬውኑ አስወግጂው!» ለካስ ዎከር ለጤነኛ ልጅም ቢሆን መራመድን አያፋጥንም፤ ደረጃ ላይ ይጥላል፣ እሳት ዘንድ ያደርሳል። ካናዳ እ.ኤ.አ. በ2004 ሽያጩን ጭራሽ ከልክላዋለች።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልናት። «ራሷ የምትሄድበትን ነገር ፈልጉላት» አለችን።

«ራሷ» የሚለው ቃል ለምን እንደከበደ የገባኝ በኋላ ሳነብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ሄልድ እና አለን ሃይን የተባሉ ተመራማሪዎች ሁለት የድመት ግልገሎችን አንድ የሚሽከረከር እንጨት ላይ አሰሩ። አንዷ በእግሯ እየሄደች ታዞረዋለች፤ ሌላዋ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጣ ትዞራለች። ሁለቱም የሚያዩት ያንኑ ነው። በመጨረሻ የሄደችው ርቀትና ገደል ለየች፤ በቅርጫት የዞረችው ግን አልቻለችም። ዓይን ብቻውን አያስተምርም ማለት ነው። ልጅም እንዲሁ፣ ወደ ፈለገው ነገር በራሱ ጉልበት ሲደርስ ነው ቦታን፣ ርቀትን፣ «እችላለሁ» የሚለውንም የሚማረው። እኛ ደግሞ ያቺን ልጅ በፍቅር ብዛት ከእጅ ወደ እጅ ስናቀባብላት ኖርን!

ይሄንን ነገር አሜሪካ ውስጥ ወደ መሣሪያ የቀየሩት አሉ። የኦክላሆማዋ ቱቢ ኮሎቤ እና ባልደረባዋ ፒተር ፒድኮ፣ ሕፃኑ በደረቱ የሚተኛበት ባለ ጎማ መሣሪያ ሠርተዋል። ሕፃኑ በእጁ ወይም በእግሩ ትንሽ ሲገፋ መሣሪያው ያውቅበትና በሞተር ያግዘዋል። ሕፃኑ ካልሞከረ ዝም ይላል። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው፤ ጀማሪው ልጁ ነው።

እኛ ሞተር ከየት እናምጣ? ግን ሐረር ውስጥ አናጢ አለ፣ ልብስ ሰፊም ሞልቷል። ፊዚዮቴራፒስቷ በእርሳስ ሥላ ሰጠችን። ሰፈራችን ያሉ አናጢ ሥዕሉን ገልብጠው ገላብጠው አዩና፣ «ይሄ'ማ የልጅነት ጋሪያችን ነው!» ብለው አራት ኩሽኔታ መቱበት። ያው አስፋልት ላይ የምንንሸራተትበት ዓይነት። ቤት ስናስገባው ጩኸቱ ልጅቷን አስለቀሳት። ኩሽኔታ ደግሞ ፊት ለፊት እንጂ ወደ ጎን አይዞርም፤ እሷ ወደ እናቷ መዞር ነበር የፈለገችው።

ባልየው ያን ቀን ነው ዝምታውን የሰበረው። ተነስቶ ወጣና ማታ የተሰበረ የቢሮ ወንበር ይዞ መጣ። በየአቅጣጫው የሚዞሩ አምስት ጎማዎች! አራቱ ለጋሪው፣ አንዱ ለመለዋወጫ።

ቀጥሎ ልኬታው መጣ። ልጅቷን በእጅና በጉልበቷ አድርገን ደግፈን ከደረቷ እስከ ወለል በሜትር ለካን። መዳፏም ጉልበቷም ወለል መንካት አለበት፤ ካልነካ መንሳፈፍ ብቻ ነው የሚሆነው። ኮምፔንሳቶው ክንዷ እንዲላወስ ከፊት ጠበብ፣ እንዳይገለበጥ ጎማዎቹ ሰፋ ብለው ተመቱ። ጠርዙ በብርጭቆ ወረቀት ተፈገፈገ። ከላይ ስፖንጅ ሆነና፣ መኪና ግርግር ያሉ ልብስ ሰፊ ሽፋንና ወገቧን የሚይዝ ሰፊ ማሰሪያ ሰፉለት። ፊዚዮቴራፒስቷ ሳታየውና ሳታስተካክለው ግን ልጅቷን አላስተኛንበትም።

አንድ ነገር ቀረ። የጀጎልን ቤት የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ መቀመጫው ነደባ ነው፣ ደረጃ ደረጃ አለው፣ ወለሉ ምንጣፍ የለበሰ ነው። የነደባው ጠርዝ በትራስ ተከለለ። ጎማው ግን ምንጣፍ ላይ አልሄድ አለ። ሳሎኑ የአያት ክብር ነው፤ እዚያ ምንጣፍ ማን ይነካል? ሦስት ቀን ልጅቷ በጠባቧ ጓዳ ስትሞክር ከረመች። በአራተኛው ቀን እንግዶች መጡ። አያት ቡና እየተፈላ ወደ ጓዳ ዘልቀው አዩ፤ ልጅቷ ሲኒ አይታ በሁለት መዳፏ ወለሉን ቧጠጠች… ጋሪው አንድ ክንድ ያህል ሄደ። አያት ወደ ሳሎን ዞረው፣ እንግዶቹ ፊት፣ «ምንጣፉን አንሱላት!» አሉ።

ልጅቷ ዛሬም አትራመድም፣ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ወደ እናቷ ግን ራሷ ትሄዳለች። እንግዳ ሲመጣም ሳሎን ናት።

እንግዲህ ወጣት ወላጆች፣ ይቺን ያዙልኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው መለኪያ ጤነኛ ልጅ ሁሉ ለማለት ይቻላል በ9 ወሩ ሳይደገፍ ይቀመጣል፣ በ18 ወሩም ብቻውን ይራመዳል። ሳይድሁ በቀጥታ የሚራመዱ ጥቂቶች አሉ፤ አንድ ነገር ብቻ ቢቀር አትደንግጡ። ልጃችሁ ከዚህ ካለፈ ግን «ሲደርስ» እያላችሁ አትጠብቁ፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ጋሪ ካሠራችሁ ባለሙያ ይየው። ምግብ እንደበላ አታስተኙት፣ ሲደክመው አንሱት፣ ለአፍታም ብቻውን አትተዉት። ደግሞ አትግፉለት! ቁጭ ብላችሁ ጠብቁት። ለእናት ከመሸከም ይልቅ የከበደው ይሄ መጠበቅ ነበር።